ከዝርዝሩ ያወጣሁት ቤት

በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ቤት ለቤት ስትዞር በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ አልጋውን፣ ማድቤቱን ታነሳና በስልኩ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች እየነካካች ትሞላለች። በሩብ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ድሃ ይሁን አይሁን ስልኩ ይነግራታል። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አንድ ሳምንት አብሬያት እንድዞር ታዝዤ ነበር። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ባጃጅ ላይ ስወጣ ክንዴን ይዛ የምትደግፈኝ ናት። ሆኖም በአምስተኛው ቀን አዲስ ከተማ በሚባለው የሐዋሳ ሰፈር ውስጥ ከአንድ የኪራይ ቤት ስንወጣ «እነዚህ እንኳን እርዳታ አያስፈልጋቸውም» ስትል ሰማኋትና መንገድ ላይ ቆሜ ጮህኩባት። ደንግጣ ምን እንዳጠፋች ጠየቀችኝ። ምንም አላጠፋችም። የጮህኩት በሌላ ሰው ላይ ነበር፤ ያንን ግን እዚያ መንገድ ላይ ቆሜ ላስረዳት አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ስሜ ጽጌ ነው። አባቴ ከሸዋ በዝውውር ሐዋሳ የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በከተማው ቀበሌዎች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኜ ኖርኩ። ሥራው በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው። ሲያጥር ግን እርዳታ በመጣ ቁጥር ለማን እንደሚገባ ለመለየት የሰው ቤት ገብቶ ማየት ነው። እርዳታው ደግሞ አንድም ቀን ለችግረኛው ሁሉ በቅቶ አያውቅም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማን ይግባ ማለት ሳይሆን ማን ይውጣ ማለት ነበር፤ ይህንን ስቀጠር የነገረኝ ሰው የለም። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር። በዚህ ሥራ ጫማ ቶሎ ያልቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው። ከከተማው ዳር ካለችው ቡሹሎ በብስክሌት እየተመላለሱ የሚሠሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም የሲዳማ ሰው ነበሩ። ሰው ቤት ሲገቡ እጃቸው ላይ እስክሪብቶ አይታይም። ቅጹን አጥፈው በውስጥ ኪሳቸው ይዘው ይገቡና፣ የሚሞሉት ከወጡ በኋላ ሁለት ቤት አልፈው አጥር ተደግፈው ነው። የቤቱ ባለቤት ካሳየቻቸው ቦታ ውጪ አይቀመጡም። በምግብ ሰዓት ዝር አይሉም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ በምሳ ሰዓት ከሄድሽ ከአንዱ ልጅ ድርሻ ላይ በልተሽ ትወጫለሽ አሉኝ።

ምን በላችሁ ብለው አይጠይቁም ነበር። ልጆቹን አቅርበው፣ ስለ ትምህርት ስለ ኳስ ሲያጫውቱ ይቆዩና «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛችሁ?» ይላሉ። እራት በሌለበት ቤት ልጆች ገና ሳይጨልም ይተኛሉ፤ እናትየው ረኃቡ ሳይጠናባቸው እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ታደርጋለች። ሰው ምን በላህ ሲባል ይዋሻል፣ መቼ ተኛህ ሲባል ግን የሚዋሽበት ምክንያት አይታየውም። ወጣ ሲሉም ማድቤቱ አጠገብ ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው ጎንበስ ይላሉ። አመዱ የዛሬ ይሁን የሰነበተ የሚያዩት ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ የማይጥሱት ሕግ ነበራቸው። አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ይኬዳል፤ አንዴ ተነግሮ፣ አንዴ ሳይነገር። «የመጀመሪያው ቀን የእነሱ ነው» ይሉኝ ነበር። «እንግዳ ሆነሽ ሂጂላቸው፣ ያቀረቡልሽን ቅመሺ፣ አመስግኚ። የሥራው ቀን ሁለተኛው ነው። ከዚያ በፊት አንዲት ነገር እንዳትጽፊ።»

ሕጉ ለምን እንደሚያስፈልግ በዓይኔ አይቻለሁ። ገና አዲስ ሳለሁ አንድ ባለሱቅ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ሰውየው ከቡታጅራ አካባቢ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነው፤ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ በሳሙና፣ በብስኩትና በሻማ ካርቶን ተሞልቷል። እኔ በልቤ ይሄ ምን ሊረዳ ነው እያልኩ ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ ሻይ ጠጥተው ወጡ። በሳምንቱ ሳይናገሩ ተመልሰው አንድ ክብሪት ስጠኝ አሉት። ሰውየው ነገ ይገባል አለ። ሳሙናስ ሲሉት እሱም ነገ ነው አለ። ካርቶኖቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ሱቁ ከሞተ ቆይቶ፣ ሰፈሩ እንዳያውቅበት ባዶ ካርቶን ደርድሮ ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል። ጋሽ ዳንጊሶ አመስግነው ወጡና አጥር ተደግፈው ሁለቱን ሴት ልጆቹን ለእርዳታ ጻፉ።

እንግዲህ ይህን አይቻለሁ። አላየሁም፣ አላወቅኩም የምልበት አፍ የለኝም።

ጋሽ ዳንጊሶ ጡረታ ሲወጡ አዲስ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ ትጉህ ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጥር ይወዳል እንጂ። ቅጹ በነጥብ እንዲሆን አደረገ፤ አልጋ ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን ይህን ያህል፣ ሶፋ ይህን ያህል ነጥብ ይቀንሳል። በዚያው ሰሞን አንዲት ሴትዮ ጉድ ሠራችኝ። ልጆቿን ባዶ ወለል ላይ አስቀምጣ፣ ጥግ ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነውን ነገር የእህል ጆንያ ነው አለችኝ። አምኜ ጻፍኳት። ለካስ ማቀዝቀዣ ኖሯል፤ ባልየውም ባለ ጭነት መኪና ነው። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ወይዘሮ ጽጌ ማቀዝቀዣና ጆንያ አይለዩም ብሎ አዳራሹን አሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ዓመት ሙሉ ባልደረቦቼ ጥግ ላይ ጆንያ ባዩ ቁጥር «ጽጌ፣ እስቲ ዳብሺው፣ ይቀዘቅዛል?» ይሉኛል። አብሬ እስቅ ነበር። ውስጤ ግን አረረ። ሁለተኛ ማንም አያታልለኝም ብዬ ማልኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሰው ቤት የምገባው ሌባ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኔን አፍጥጬ ሆነ።

በዓመቱ ለአርባ ልጆች የሚሆን ድጋፍ መጣ። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ በየወሩም ለቤተሰቡ ዱቄትና ዘይት፤ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪጨርስ የሚዘልቅ። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኔ ሁለቴ አልመጣም። የልየታው ጊዜ ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ኃላፊው ለአንድ ቤት አንድ ጉብኝት ይበቃል አለ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በጋሽ ዳንጊሶ ሕግ ልሄድ ሞከርኩ፤ በአራተኛው ቀን አልደርስም ብዬ ተውኩት።

ከተጠቆሙት ልጆች አንዷ አስቴር ነበረች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። የሒሳብ መምህሯ በጻፈው ወረቀት ላይ ልጅቷ ከክፍሉ አንደኛ እንደሆነች፣ ከምሳ በኋላ ግን ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ እንደምትተኛ ገልጿል። እናቷ ዱካሌ ትባላለች። ዓሣ አጥማጅ ባሏ በሳንባ በሽታ ሞቶ፣ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ዓሣ እየበለተች አስቴርንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ከሁለት ቀን በፊት በቀበሌው መልእክተኛ እንደምመጣ አስነገርኩና ሄድኩ።

አዲስ ከተማ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ፣ ከኋላ በኩል ያለች አንዲት ክፍል። ስገባ ቀይ ሽፋን የለበሰ ሶፋ ተቀበለኝ። ፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን፣ በላዩ ዳንቴል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ። ልጆቹ ታጥበው፣ ፀጉራቸው ተቀብቶ፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ዱካሌ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ሶፋው መሐል አስቀምጣኝ፣ ሙሉ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ በትልቅ ሳህን አቀረበችልኝ፤ ከጎኑም አንድ ለስላሳ። ልጆቹ ሳህኑን ሲያዩ እናታቸው በዓይኗ ገሠጸቻቸው፤ ወደ መሬት አዩ። እኔ ያየሁት ቴሌቪዥኑን ነበር።

ኑሮ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«እግዜር ይመስገን» አለች። «ምንም አልጎደለብንም።»

ችግር ካለ ንገሪኝ፣ የመጣሁት ለዚህ ነው አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ያንኑ ደገመችልኝ። እንግዳ ሶፋ ላይ አስቀምጦ፣ ዓሣ አቅርቦ፣ ከዚያ ርቦናል ማለት ለእሷ እንግዳውን መስደብ ነው። ይህንን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ከዓሣው ላይ አንድ ጉርሻ ቀምሼ፣ ለስላሳውን ጠጥቼ፣ ልጆቹን ስንት ሰዓት እንደተኙ ሳልጠይቅ ተነሳሁ።

አስቴር እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እትዬ፣ ቴሌቪዥኑ የእኛ አይደለም። ሶፋውም።»

የማቀዝቀዣዋ ሴትዮ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እናትሽ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ አልኳት። ፈጥና ራሷን ነቀነቀች፤ እናቷ እንዳትሰማ ለመነችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ብልጥ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ፦

«ጎበዝ ተማሪ አይዋሽም» አልኳት።

ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ደህና ይሁኑ ብላኝ ተመለሰች። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቅጹን አውጥቼ ለሶፋ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለምንጣፍ ነጥብ ቀነስኩና ከታች የተሻለ ኑሮ ያላቸው ብዬ ጻፍኩ። እንዲያውም በዚህኛው አልተሸወድኩም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የአርባው ስም ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ብዙ ሰው መጥቶ ጮኸብን፤ አንዳንዱ ድንጋይ ሊወረውር ሁሉ ቃጥቶት ነበር። ዱካሌ አልመጣችም። በእኛ ቢሮ ያልመጣ ሰው አልተቸገረም ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ቅጹን እንደገና የሚያይ ሰው አልነበረም።

ሦስት ወር ቆይቶ የሒሳብ መምህሩ ቢሮዬ መጣ። አስቴር ከትምህርት ቤት ከቀረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው፣ የሚኒስትሪ ፈተና እየደረሰ ነው፣ ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ወዲያው ሄድኩ፤ ሳልናገር።

ክፍሏ ክፍት ነበረች። ሶፋ የለም። ቴሌቪዥን የለም። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አንድ የተጠቀለለ ሰሌን፣ አንድ ድስት፣ ከጥግ የልብስ ፌስታል። ሁለቱ ወንዶች ልጆች በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ትልቁ ትንሹን ና እንተኛ ሲለው ሰማሁ። ደፉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከፊት ያለችው ጎረቤት ልብስ እያሰጣች ነበር። ማን እንደሆንኩ አላወቀችኝም። የት ሄደ እቃው ብላት ሳቀች። ቴሌቪዥኑ የእሷ ነው፤ ሶፋው የአከራይዋ፣ ምንጣፉ የቀኝ ጎረቤት፣ ነጠላው የጋራ ነው። አንዲት የመንግሥት ሰው ስለምትመጣ ዱካሌ እንዳትዋረድ ብለው ግቢው በሙሉ ተረባርቦ ቤቷን አለበሰላት። ለወትሮም እንዲህ ነው፤ ለአንዱ እንግዳ ሲመጣ የሁሉም እቃ እዚያ ቤት ይገባል። «ያቺ ሴትዮ ግን ምቀኛ ሳትሆን አትቀርም» አለችኝ፣ «በልታ ጠጥታ ሄዳ ልጅቷን ከዝርዝሩ አስቀረቻት።»

አስቴር ከዘጠኝ ቀን በፊት በደላላ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። ወረቀቷ ላይ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አስደወልኩ፣ ደላላውን አፈላለግሁ። ከአገር ከወጣች ቆይታለች። ለወንድሞቿ ሌላ ድጋፍ ልፈልግ ብልም በዚያ ዓመት የመጣ ነገር አልነበረም፤ በሚቀጥለውም አልመጣም። ኃላፊዬ ሁኔታውን ስነግረው ቅጹን አገላብጦ አየና ነጥቡ ትክክል ነው አለኝ። ነጥቡ እውነትም ትክክል ነበር።

ቡሹሎ ወርጄ ጋሽ ዳንጊሶ ዘንድ ሄድኩ። በቆሎ እየኮተኮቱ አገኘኋቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ልጅቷ በሩ ላይ ያለችኝንም አልደበቅሁም። መኮትኮቻውን ተደግፈው አዳመጡኝ።

«ስንት ጊዜ ሄድሽ?»

«አንድ ጊዜ፣ ጋሼ።»

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ዝቅ ብለው ኩትኳቷቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ። በዓመቱ አረፉ። ስለዚያ ነገር ሳንነጋገር ቀረን።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በየቤቱ ሁለቴ ሄድኩ፤ ጊዜ ሲያጥር በእሑድ፣ የባጃጁን ሂሳብ ከኪሴ እየከፈልኩ። ኃላፊዎች ተቀያየሩ፣ ቅጾች ተቀያየሩ፤ ሰነፍ ናት፣ ትዘገያለች ተብዬ ተገመገምኩ። ዱካሌን ግን ሄጄ አላናገርኳትም። ፈሪ ነኝ። አሞራ ገደልን ዞሬ ማለፍ ለመድኩ፤ ልጆቼ ዓሣ ሲያምራቸው ከሌላ ቦታ አስገዛለሁ። የአንድ ከተማ ሰው ሆኖ ሰው መሸሽ ይቻላል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቻልኩበት።

በእኔ ቦታ በተተካችው ምስኪን ልጅ ላይ በጮህኩ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እግሬ እየተጎተተ አሞራ ገደል ሄድኩ። ጀልባዎቹ ገብተው ዓሣው ይራገፋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች በሰው መሐል ይንጎራደዳሉ። ከዛፍ ሥር ጣውላ ዘርግተው ከሚበልቱት መሐል አንዲት ወጣት ሴት ዓይኔን ያዘችው። ዓሣውን የምትይዘው በክንዷ ተጭና ነው። የግራ እጇ ጣቶች ተጣብቀው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ ቆዳው እስከ ክርኗ ድረስ ጠባሳ ነው። ቀና ብላ አየችኝና ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እትዬ ጽጌ» አለች።

ስሜን ታውቀዋለች። ስሜ በዚያ ሰሌዳ ላይ ከዝርዝሩ ሥር ተጽፎ እንደነበር ትዝ አለኝ።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ የጋለ ዘይት ተደፍቶባት ሕክምና ሳታገኝ ሰንብታ፣ እጇ እንደዚያ ሲሆን አሠሪዎቿ መለሷት። በላከችው ገንዘብ ወንድሞቿ ተማሩ፤ አንዱ አሁን ኮሌጅ ነው። እሷ ስምንተኛ ክፍልን እንኳን አልተፈተነችም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የሌላ ሰው ወሬ በምታወራበት ድምፅ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት፤ ሶፋውን አይቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንቺን ያላመንኩት እኔ ነኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ነግሬዎት ነበር።»

እናቷ ትንሽ ራቅ ብላ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። እሷንም ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ልነሳ ስል አስቴር በደህና እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«እሷን አይነግሯትም። እናቴ እስከ ዛሬ የምታስበው መስተንግዶው አንሶ፣ እርስዎ ተቀይመው እንደተውን ነው። ሶፋው እንደሆነ ካወቀች፣ ተውሳ ያስገባችው ሶፋ እንደሆነ ካወቀች፣ ይቺን እጅ እያየች እንዴት ትኖራለች? ይቅርታ ካሻዎት እኔን ይጠይቁ።»

«ይቅር ትይኛለሽ?»

«እንጃ» አለች። «ገና አላውቅም።»

ዱካሌ ድምፃችንን ሰምታ ማነው ብላ ጠየቀች። አስቴር ያኔ የመጣችው የቀበሌዋ ሴትዮ ናት አለቻት። ዱካሌ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ግንዱን ተደግፋ ተነሳች፣ እየዳበሰች መጥታ ሁለት እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ ቅርፊት ተጣብቆበታል።

«ያን ቀን አሳፈርኩዎት» አለችኝ። «ለስላሳው አንድ ነበር። ዓሣውም ትንሽ ነበር፣ ትልቁን አላገኘሁም። እንግዳ መቀበል ሳላውቅበት ልጄን አስቀረኋት። ሁልጊዜ ሄጄ እግርዎ ላይ ልውደቅ እላለሁ፣ አፍራለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

በትከሻዋ በኩል አስቴር ታየኛለች። ምንም ምልክት አላሳየችኝም። ዱካሌ እጄን አልለቀቀችም፤ መልስ እየጠበቀች ፊቷን ወደ እኔ አዙራለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።